ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ቡሬ ግን «ሲስተም የለም»፦ የካሽ ክላየንት መከታተያ መሣሪያዎች ንጽጽር

የገበያ ቀን ነው። ቡሬ የሚገኘው የቁጠባና ብድር ማኅበር ቅርንጫፍ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። በቆሎ ሸጠው ገንዘብ ሊያስቀምጡ የመጡ አሉ። የማዳበሪያ ብድር ሊከፍሉ የመጡም አሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ «እናቴ፣ ሲስተም የለም፤ እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ» ትላለች።

በዚያው ሰዓት እኔ ባሕር ዳር ስክሪን ፊት ተቀምጫለሁ። ዳሽቦርዱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። የካሽ ሰርቨሩ (ዳታ ቶሎ እንዲነበብ የሚቀመጥበት ማሽን) አንዱን ጥያቄ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል። ከቅርንጫፉ ሲደወልልኝ «በኛ በኩል ችግር የለም፤ ኔትወርኩ ይሆናል» አልኩ።

ኔትወርኩ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ጥፋቱ ስንወቅሰው ከረምን። ችግሩ የተደበቀው አፕሊኬሽኑ ውስጥ ነበር። የሁሉንም ቅርንጫፎች ጥያቄ የሚቀበለው አፕሊኬሽን ሰርቨር ደብረ ማርቆስ ነው ያለው። ካሹ ደግሞ አዲስ አበባ። አፕሊኬሽኑ ከካሹ ጋር የሚነጋገረው ጄዲስ በሚባለው የጃቫ ላይብረሪ ነው። የጄዲስ የኮኔክሽን ፑል (ጥያቄዎች በተራ የሚጠቀሙባቸው የተከፈቱ ኮኔክሽኖች ስብስብ) ካልነገሩት በቀር በአንድ ጊዜ ከ8 በላይ ኮኔክሽን አይሰጥም። 8ቱ ከተያዙ ቀጣዩ ጥያቄ ወረፋ ይይዛል። ወረፋው የጊዜ ገደብ የለውም። ስህተት ብሎም አይመዘግብም። ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በኛ መስመር አንድ ጥያቄ ደርሶ እስኪመለስ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ አንድ ኮኔክሽን በሰከንድ 25 ጥያቄ ያስተናግዳል። 8ቱ ሲደመሩ 200። አንድ የደንበኛ ገጽ ለመክፈት አፕሊኬሽኑ ካሹን 30 ጊዜ ያህል ይጠይቃል። በሰከንድ የሚከፈተው እንግዲህ ከ7 ገጽ አይበልጥም፤ ያውም ለሁሉም ቅርንጫፎች ተደምሮ። በአዘቦት ቀን ይበቃል። የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላምና የዳንግላ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሰለፍ አይበቃም። የፑሉን መጠን አሳደግን። 30ውን ጥያቄ በአንድ ላይ እንዲልክ አደረግን። በቀጣዩ የገበያ ቀን ስልክ አልተደወለም።

ይህን ንጽጽር የምጽፈው ለዚህ ነው። የካሽ መከታተያ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚታየው የሰርቨሩ ግራፍ ነው። ቡሬ መስኮት ላይ የቆሙት እናት የሚጠብቁት ግን ክላየንቱን ነው።

ቃላቱን እንግባባ

ካሽ ስል ጥሬ ገንዘቡን አይደለም። የገንዘብ ተቋም ውስጥ ቃሉ ስለሚያምታታ አስቀድሜ ልናገር። ለዕለት እንጀራ ብሎ በየቀኑ ጎተራ የሚከፍት ቤት የለም። ለሳምንት የሚበቃው ተፈጭቶ ጓዳ ይቀመጣል። ዳታቤዙ ጎተራው ነው፤ ካሹ ጓዳው። ክላየንት ማለት ከጓዳው የሚወስደው አፕሊኬሽን ነው፦ የቅርንጫፉ ፕሮግራም፣ ከሞባይል አፑ ጀርባ ያለው ሰርቨር፣ ማታ ሪፖርት የሚያወጣው ፕሮግራም። ካሹ የተከፋፈለ ነው ሲባል ደግሞ ዳታው በብዙ ማሽኖች ላይ ተበትኗል ማለት ነው።

አንድን መሣሪያ ስመዝን የምጠይቀው አራት ነገር ነው። የተገናኘው ማን ነው፣ በስሙ? ስንት ጊዜ ይጠይቃል? በራሱ ሰዓት ሲለካ መልስ እስኪያገኝ ምን ያህል ጠበቀ? መስመር ሲቆረጥስ የተለካው የት ይገባል? ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ብዙ መሣሪያ የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው።

ሬዲስና ቫልኪ ከራሳቸው ጋር ይዘውት የሚመጡት

እዚህ አካባቢ በብዛት የማየው የካሽ ሶፍትዌር ሬዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሬዲስ ላይሰንሱን ሲቀይር ቫልኪ የሚባለው ቅጂ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ወጣ። በ2025 ሬዲስ 8 ክፍት የሆነውን ኤጂፒኤል ላይሰንስ እንደ አማራጭ ጨመረ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ትዕዛዞች ሁለቱም ላይ አሉ።

ክላየንት ሊስት የሚባለው ትዕዛዝ የተገናኙትን ሁሉ ይዘረዝራል። አድራሻቸውን፣ ከተገናኙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው፣ ሥራ ከፈቱ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ፣ መጨረሻ የላኩትን ትዕዛዝ ያሳያል። ከ7.2 ጀምሮ በየትኛው ላይብረሪ እንደመጡም ይነግራል። ጥሩ ነው። ግን ለክላየንቶቻችሁ ስም ካላወጣችሁ የምታዩት ቁጥር ብቻ ነው። ቅርንጫፎቹ በአንድ ራውተር አልፈው የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ሁሉም አንድ አድራሻ ይይዛሉ። ያኔ እንጅባራን ከሞጣ መለየት አይቻልም። ክላየንት ሴትኔም የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ዛሬውኑ ተጠቀሙበት። ስሙ ክፍተት አይቀበልም፤ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው።

ስሎውሎግ ዘገምተኛ ትዕዛዞችን ይመዘግባል። ካልቀየራችሁት ገደቡ 10 ሚሊሰከንድ ነው። የሚቆጥረው ግን ትዕዛዙ ሰርቨሩ ውስጥ የተሠራበትን ጊዜ ብቻ ነው። የመስመሩን ጉዞ አይቆጥርም። ክላየንቱ ውስጥ ያለውን ወረፋ አያውቅም። የቡሬው ችግር ሦስት ሳምንት ሲቆይ ስሎውሎግ ላይ አንድ መስመር እንኳ አላስቀረም።

ሞኒተር የሚባለውን ትዕዛዝ በተመለከተ አጥብቄ እናገራለሁ። እያንዳንዱን ትዕዛዝ እያየ ስለሚያስተላልፍ ያጓጓል። ነገር ግን አንድ ሞኒተር ብቻ የሰርቨሩን አቅም ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። የደንበኛው የሒሳብ ቁጥርም ስክሪን ላይ ይወጣል። በሥራ ሰዓት አትክፈቱት።

ዋጋው እንግዲህ ባዶ ነው። ከአራቱ ጥያቄዎች የመጀመሪያውን በደንብ ይመልሳል። ሁለተኛውን በከፊል። ሦስተኛውን አይመልስም።

ፕሮሚቲየስና ግራፋና

ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። በራሳችሁ ማሽን ላይ ይጫናሉ። ፕሮሚቲየስ እየዞረ ቁጥር ይሰበስባል፤ ግራፋና ይስለዋል። ማስጠንቀቂያውን የሚልከው አለርትማኔጀር ቴሌግራም ላይ መላክ ይችላል፤ እዚህ ሁሉም ሰው ቴሌግራም ስላለው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ወጥመድ አለ። አብዛኛው ሰው ሬዲስ ኤክስፖርተር የሚባለውን ይጭንና «መከታተያ አለን» ይላል። ያ ኤክስፖርተር የሚያነበው ሰርቨሩን ነው። ግራፉ ያምራል፤ ምንጩ ግን ያው ሰርቨሩ ነው። የክላየንት ሊስቱን ዝርዝር እንኳ የሚያወጣው ተጨማሪ መቼት ሲከፈትለት ነው። እኔም የነበረኝ አረንጓዴ ዳሽቦርድ ይኸው ነበር።

የክላየንቱን ጎን ለማየት መለኪያው አፕሊኬሽኑ ውስጥ መግባት አለበት። ጃቫ ከሆነ ማይክሮሜትር የሚባል የመለኪያ ላይብረሪ አለ። ሌተስ ከሚባለው የሬዲስ ላይብረሪ ጋር ይገጥማል። የኮኔክሽን ፑሉ ላይ ስንት ጥያቄ እየጠበቀ እንዳለ ደግሞ በጄኤምኤክስ (የጃቫ ፕሮግራም የውስጥ ቁጥሮቹን የሚያሳይበት መንገድ) በኩል ይነበባል። ወረፋችንን በመጨረሻ ያገኘነው በዚህ ነው። ቁጥሩ በገበያ ቀን ከዜሮ ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ በዓይናችን አየን።

አፕሊኬሽኑን ገዝታችሁት ኮዱ እጃችሁ ላይ ባይኖርስ? የኦፕንቴሌሜትሪ የጃቫ ኤጀንት ኮድ ሳይነካ ይለጠፋል። ጄዲስንም ሌተስንም ያውቃል። ግን ልብ በሉ፤ የሚለካው የትዕዛዙን ጊዜ እንጂ የፑሉን ወረፋ አይደለም። ወረፋውን የምታገኙት የአንዱን ጥያቄ ጉዞ በሚያሳየው ሥዕል ላይ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ጥያቄው ገብቶ የካሹ ትዕዛዝ እስኪጀምር ድረስ ረጅም ክፍተት ካያችሁ ያ ክፍተት ወረፋ ሊሆን ይችላል።

አማካይ ጊዜን አትመኑ። 100 ጥያቄ ገብቶ 95ቱ በ0.1 ሰከንድ፣ 5ቱ በ20 ሰከንድ ቢመለሱ አማካዩ 1.1 ሰከንድ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ደህና ይመስላል። 20 ሰከንድ የጠበቁት ግን እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ከ100 ጥያቄ መጨረሻ የቀረው 1 ምን ያህል እንደጠበቀ የሚያሳየውን ቁጥር ጠይቁ። ፕሮሚቲየስ ሂስቶግራም (ጥያቄዎችን በፈጁት ጊዜ ከፋፍሎ የሚቆጥር መለኪያ) ካስገባችሁለት ይህን ያሰላል።

መስመር ሲቆረጥስ? የፕሮሚቲየስ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው። ራሱ ሄዶ ስለሚሰበስብ ባሕር ዳር ያለው ፕሮሚቲየስ ደብረ ማርቆስ መድረስ ካልቻለ ግራፉ ላይ ጉድጓድ ይቀራል። መስመሩ ሲመለስ ጠቅላላ ድምሩ ይታያል፤ በየደቂቃው የሆነው ግን ጠፍቷል። መፍትሔው ፕሮሚቲየስን በኤጀንት መልክ እዚያው አፕሊኬሽኑ አጠገብ መጫን ነው። ኤጀንቱ ቁጥሩን ዲስክ ላይ ይዞ መስመር ሲመጣ ይልካል። የሚይዘው ግን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ይጠፋል። በኛ አካባቢ ግማሽ ቀን የሚቆይ መቆራረጥ ስላለ የተሟላ ፕሮሚቲየስ እዚያው ደብረ ማርቆስ ላይ ብናስቀምጥ ይሻላል ብለን ወሰንን። ካልቀየሩት 15 ቀን ያስቀምጣል።

የዚህ ምርጫ ዋጋ በዶላር አይከፈልም። የሚከፈለው በባለሙያ ቀን ነው። የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ርካሽ ነው። ከሌላችሁ እንደምታስቡት ርካሽ አይደለም።

ሄዝልካስትና ጂኦድ

እነዚህ ሁለት የካሽ ሶፍትዌሮች ክላየንት ለሚባለው ነገር ከሬዲስ የተለየ ቦታ ይሰጡታል። በሁለቱም ክላየንቱ ራሱ ስለራሱ ይናገራል። የሜሞሪ አጠቃቀሙን፣ የፕሮሰሰር ሁኔታውን፣ የጥያቄ ብዛቱን ለካሹ አባላት (ካሹን ለሚይዙት ማሽኖች) ይልካል። የሚልከውም ቀድሞ በተከፈተው ኮኔክሽን ነው። ሌላ ፖርት መክፈት፣ ፋየርዎል መለመን አያስፈልግም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ክላየንቱ ብዙ ጊዜ የሚፈልገውን ዳታ እዚያው ራሱ ዘንድ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሄዝልካስት ኒር ካሽ ይለዋል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ ይህን ደርሶ ለመመለስ ብቻ 3 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ በተግባር ደግሞ በመሃል ያሉት መሣሪያዎች ብዙ ይጨምሩበታል። ስለዚህ የቅርቡ ካሽ ለኛ ቅንጦት አይደለም። ከቅርቡ ካሽ የተነበበውን ግን ሰርቨሩ ጭራሽ አያየውም። ስንቱ እዚያው ተገኘ፣ ስንቱ አባይን ተሻገረ የሚለውን ሊናገር የሚችለው ክላየንቱ ብቻ ነው። ሬዲስም ከ6.0 ጀምሮ በክላየንት በኩል ካሽ ማድረግን ይደግፋል፤ ቆጠራው ግን በላይብረሪውና በናንተ ላይ ነው።

የሄዝልካስት ማኔጅመንት ሴንተር ይህን ሁሉ በድር ገጽ ያሳያል። ክላየንቶቹ በስም፣ በዓይነት፣ በቅጂ ቁጥር ተዘርዝረው ይታያሉ። እስከ 3 አባል ላለው ክላስተር ያለ ላይሰንስ ይሠራል። ለአንድ ማኅበር 3 አባል ይበቃል ብዬ አምናለሁ። በቆዩ ቅጂዎች ላይ የክላየንቱ ስታቲስቲክስ ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ከክላየንቱ መቼት መክፈት አለባችሁ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አዲስ ሰው ተቀምጦ በአንድ ከሰዓት የሚረዳው መሣሪያ ይህ ነው።

አፓቺ ጂኦድ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። ጂኤፍኤስኤች በሚባለው የትዕዛዝ መስኮት ክላየንቶችን መዘርዘርና አንዱን ለይቶ መመርመር ይቻላል። ፐልስ የሚባል የድር ዳሽቦርድም አለው። እዚህም ያው ማሳሰቢያ፦ ክላየንቱ ስታቲስቲክስ የሚልክበት የጊዜ ልዩነት ካልተሞላ ምንም አይልክም። ባዶ ሰንጠረዥ አይታችሁ መሣሪያው ተበላሽቷል እንዳትሉ።

ጂኦድን የምወድበት አንድ ጠንካራ ምክንያት አለኝ። ዱረብል ክላየንት የሚባል አለው። ክላየንቱ መስመር ቢቆረጥበት ሰርቨሩ የመጣለትን የለውጥ መልእክት ያቆይለታል። የወረፋውንም ርዝመት በትዕዛዝ ማየት ይቻላል። ካልነገሩት የሚጠብቀው 300 ሰከንድ ነው። 5 ደቂቃ ለኛ አይበቃም፤ አሳድጉት። በሬዲስ ተራ የመልእክት ስርጭት ግን በሌለህበት የተላከ መልእክት ቀረ ማለት ነው። ለወለድ ተመን ወይም ለታገደ ሒሳብ ዝርዝር ይህ ልዩነት ከባድ ነው።

የጂኦድ ችግሩ ሰው ነው። የሚያውቀውን ባለሙያ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ፈልጌ ለማግኘት ተቸግሬያለሁ። ሬዲስ የሞከረ ወጣት ግን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ሁሉ መሃል አለ።

የቀሩት በአጭሩ

ቤታችሁ ዊንዶውስና ዶትኔት ከሆነ ኤንካሽ የሚባለውን ካሽ ሳታዩ አትወስኑ። የሚከፈልበት ቅጂ ክላየንቱ የተቀመጠበት ማሽን ላይ የራሱን ቆጣሪ ይጭናል። በሰከንድ ስንት ጥያቄ፣ አንዱ ጥያቄ በአማካይ ስንት ማይክሮሰከንድ እንደፈጀ በዊንዶውስ ፐርፎርማንስ ሞኒተር ላይ ታያላችሁ። ሦስተኛውን ጥያቄ ያለ ተጨማሪ ኮድ ከሚመልሱት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ሜምካሽድ ፈጣንና ቀላል ካሽ ነው። ክላየንት የመከታተል ነገር ግን የለውም ማለት ይቻላል። የተከፈተ ኮኔክሽን ይቆጥራል፤ ስም አያውቅም። ካልቀየራችሁት ገደቡ 1024 ኮኔክሽን ነው። በአዲሶቹ ቅጂዎች ካልቀየራችሁት ከዚያ በላይ የመጣው ወዲያው ይዘጋል፤ በቆዩት ግን አይባረርም፤ ይጠብቃል። እንደገና የማይታይ ወረፋ።

ዳታዶግን የመሰሉ በኪራይ የሚሠሩ አገልግሎቶች በአቅም ከሁሉም ይበልጣሉ። ሁለት ነገር ያስፈራኛል። አንደኛው ክፍያው በዶላር መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተያዘ በጀት በዶላር ውል ላይ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ሁለተኛው መረጃው ወደ ውጭ አገር መሄዱ ነው። የካሽ ቁልፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሒሳብ ቁጥር ወይም ስልክ ቁጥር አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ከሕግ ባለሙያችሁ ጋር አንብቡት። ኢንተርኔት ሲጠፋ ዳሽቦርዱም አብሮ መጥፋቱ ሌላው ጣጣ ነው።

እኔ ብሆን

አንድ ሱቅ፣ አንድ ክሊኒክ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ምንም አትግዙ። ሬዲስ ወይም ቫልኪ ይበቃል። ለክላየንቶቻችሁ ስም ስጡ። ክላየንት ሊስቱን በሳምንት አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

በአምስት ስድስት ከተማ ቅርንጫፍ ያለው ማኅበር ከሆነና ቢያንስ አንድ ቋሚ ባለሙያ ካለው ፕሮሚቲየስና ግራፋናን እመርጣለሁ፤ መለኪያው አፕሊኬሽኑ ውስጥ ከገባ ብቻ። ባለሙያው ይሄዳል የሚል ስጋት ካለ፣ ሲስተሙም ገና አዲስ እየተሠራ ከሆነ፣ በ3 አባል ሄዝልካስት ብትጀምሩ አትጎዱም። የተሠራ ሲስተም ግን ለመከታተያ ብሎ ካሽ አይቀየርም። ቅርንጫፎቻችሁ ለረጅም ሰዓት የሚቆረጡ ከሆነና የተቋረጠው መልእክት መድረስ ግድ ከሆነ ጂኦድ ለሰው ሥልጠና የምታወጡትን ይመልሳል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ ይህን ያሳያችሁ። አንድ ክላየንት አስነሡ። ፑሉን በ2 ኮኔክሽን ገድቡት። 50 ጥያቄ በአንዴ ልቀቁበት። ከዚያ «ወረፋው የት ላይ ይታያል?» በሉት። ጣቱን ሰርቨሩ ግራፍ ላይ ካደረገ ይቅርባችሁ። ክላየንቱን በስሙ ጠርቶ «ይኸው፣ 48 ጥያቄ እየጠበቀ ነው» ካለ ደግሞ የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉና ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ሰኩት። በነዚያ 10 ደቂቃዎች የሆነውን ካሳያችሁ ስለ ዋጋ መነጋገር ትችላላችሁ።